ናስ ሲከዳ፦ የጥይት ቀለህ ለምን ይሰነጠቃል?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለቱ ስቅለት ነበር። የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከፋላ አምባ ተነሥቶ ወደ አሮጌ ሜዳ ቁልቁል ሲወርድ ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል። አብዛኛው ተዋጊ የያዘው በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። አንድ ጊዜ ለመተኮስ ባሩዱ በአፈሙዙ ይጨመራል፤ አረሩ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ መለኮሻው ይሰናዳል። እጁ የፈጠነ ሰው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ከፊቱ የጠበቀው የእንግሊዙ የሮበርት ናፒየር ጦር፣ በተለይም 4ኛው የእግረኛ ሬጅመንት፣ የታጠቀው ግን ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር፤ አገራችን በኋላ ስናድር እያለች የታጠቀችውን። አጉርሶ፣ ተኩሶ፣ ቀለሁን አራግፎ እንደገና ለማጉረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ አሥር ጊዜ ይተኩስበታል። ውጊያው ሲያበቃ ገብርዬ ወድቀዋል፤ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ በኋላ ሞቱ።

ናፒየር ሮኬትና መድፍም ነበረው። ስናይደር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ የዋለው በዚያ ቀን ነው፤ ፍጥነቱን የሰጠውም መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነበር። አረሩን፣ ባሩዱንና መለኮሻውን በአንድ ልብስ የጠቀለለው ጥይት የተነደፈው በለንደን ዳርቻ ዉልዊች በነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ነዳፊው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ይባላል። የቦክሰር ቀለህ እንደዛሬው ወጥ አልነበረም፤ ስስ የናስ ቅጠል በጥቅል ተጠምጥሞ፣ ወረቀት ለብሶ፣ ከግርጌው የብረት ዝርግ ተገጥሞለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀለህ ብዙ ተለውጧል። ጠመንጃ ሠሪውን፣ የጦር መሐንዲሱንና ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በጋራዡ ቀለህ ደግሞ የሚሞላውን ሰው የሚያሳስበው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ናስ አንዳንዴ ለምን ይሰነጠቃል? ለምን ተጣብቆ ይቀራል? ለምንስ ለሁለት ይቆረጣል? (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀለህ የሚሠራው ሥራ

የተለመደው የቀለህ ናስ ሰባ እጅ መዳብ፣ ሠላሳ እጅ ዚንክ ነው። ይህ ቅልቅል የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳይቀደድ ይለጠጣል፤ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ በእሳት ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። ፋብሪካው ከናስ ሰሌዳ ክብ ዝርግ ይቆርጣል፤ ዝርጉን በፕሬስ ተጭኖ ኩባያ ያስመስለዋል፤ ኩባያውን ደጋግሞ ስቦ ረጅም ቱቦ ያደርገዋል። በእያንዳንዱ ስበት ናሱ ስለሚደድር በየመሃሉ እሳት ይገባል፤ አለዚያ በሚቀጥለው ስበት ይቀደዳል። መጨረሻ ላይ ግርጌው በከባድ ምት ይጠፈጠፋል፤ ትከሻውና አንገቱ ተጨምቀው ይጠባሉ።

ሥራው ሲያልቅ አንዱ ቀለህ ሁለት ዓይነት ጠባይ ይዟል። ግርጌው ወፍራምና ደረቅ ነው፤ አንገቱ ስስና ለስላሳ። የቀለህ ምስጢር በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ግርጌው ከለሰለሰ ወይም አንገቱ ከደረቀ ቀለሁ ታሟል ማለት ነው።

ቃታ ሲሳብ የሚሆነውን ዓይን አይከተለውም። መምቻው መርፌ በግርጌው መሃል ያለችውን መለኮሻ፣ ካፕሱሏን፣ ይመታል፤ ካፕሱሏ ባሩዱን ትለኩሳለች። በሺህ ከተከፈለ አንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግፊቱ ጣሪያ ይነካል። ከሁለት የዓለም ጦርነቶች ጋር ስሙ የሚነሣው የአሜሪካው .30-06 ጥይት የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው፤ በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት ከ4,000 ጊዜ በላይ። ይህን ኃይል ስስ የናስ ግድግዳ ብቻውን ሊሸከም አይችልም፤ እንዲሸከምም አልተሠራም። ግፊቱን የሚሸከመው ጥይቱ የጎረሰበት የብረት ጓዳና ከኋላው የተቆለፈው መዝጊያ ነው።

የናሱ ድርሻ ማሸግ ነው። ግፊቱ ሲመጣ ለስላሳው አንገትና ግድግዳው ተነፍተው ጓዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋሉ። አረሩ ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ናሱ ጥቂት ተመልሶ ይሸበሸባል። ያቺ ጥቂት መሸብሸብ ናት ቀለሁ በመንጠቆ ሲሳብ በቀላሉ እንዲወጣ የምታደርገው። እጅግ የለሰለሰ ናስ አይመለስም፤ ይጣበቃል። እጅግ የደረቀ ደግሞ ሲነፋ ይሰነጠቃል። ጥሩ ቀለህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

በረሃ ላይ የተጣበቀው፣ ሜዳ ላይ የቀረው

በ1876 ሰኔ ወር፣ ዛሬ ሞንታና በሚባለው ግዛት በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ የጆርጅ ከስተር ፈረሰኞች በላኮታና በሻየን ተዋጊዎች ተደመሰሱ። የፈረሰኞቹ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ይጠቀምበት የነበረው ቀለህ ዋና ማዕድኑ መዳብ ነው፤ እንደ ናስ መልሶ የሚሸበሸብ አይደለም። በዚያ ላይ ወታደሮቹ ጥይታቸውን በቆዳ መታጠቂያ ላይ ሰክተው ይዞሩ ነበር። ቆዳው የተለፋበት አሲድ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል፤ ዝገቱ በጋለ ጓዳ ውስጥ እንደ ሙጫ ይይዛል። መንጠቆው ሲስብ ጠርዙን ቆርጦ ያልፋል፤ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ በቢላ ጫፍ ፈልፍሎ ማውጣት ነው።

ለብዙ ዓመታት ለከስተር ሽንፈት ይህ ብልሽት እንደ ዋና ምክንያት ሲነገር ኖሯል። በ1983 እሳት የጦር ሜዳውን ሣር ጠርጎ ከበላው በኋላ አርኪዎሎጂስቶች መሬቱን በብረት ጠቋሚ አሰሱት። ካገኟቸው ቀለሆች ውስጥ በግድ የተፈለፈሉ መሆናቸውን የሚያሳይ ጭረት ያለባቸው ጥቂት ነበሩ። ብልሽቱ እውነት ነው፤ ጦርነቱን የወሰነው ግን እሱ አይደለም።

ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥር 17 ቀን 1885፣ ሱዳን ውስጥ በአቡ ክሌያ ጉድጓዶች አጠገብ የእንግሊዝ ጦር በአራት ማዕዘን ተሰልፎ የማህዲ ተዋጊዎችን ገጠመ። ወታደሮቹ የያዙት ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ጥይቱ ከአሮጌው የስናይደር ጥይት ጋር ዘመድ ነው፤ ያው የተጠመጠመ የናስ ቅጠል። ጓዳው ሲግልና አሸዋ ሲገባበት ቅጠሉ እየተቀደደ ውስጥ ይቀር ጀመር። ጋርድነር የተባለው በእጅ የሚዘወር መትረየስም በወሳኙ ሰዓት ተነከሰ። ሰልፉ ተሰብሮ ትግሉ በሳንጃና በጎራዴ ሆነ። ከዚያ ዘመቻ በኋላ ጥምጥሙ ቀለህ ተሽሮ፣ ከአንድ ዝርግ ናስ በስበት የሚወጣው ወጥ ቀለህ ቦታውን ያዘ።

ወጡ ቀለህ በቀላሉ የማይቀደድ፣ እርጥበት የማያስገባ ሆነ። ዋጋውም ከፍ አለ። በዚሁ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ መገበያያ ይዘዋወር ነበር። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ግን ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ጉድ አዩ።

በጋጣ ውስጥ ያለ መርዝ

ሕንድ ውስጥ የሰፈረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በሣጥን አሽጎ ያከማች ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳያባራ ለወራት ሲወርድ፣ ሣጥኖቹ ወደ ፈረሶች ጋጣ ይገባሉ። ደረቁ ወራት ሲመለስ ሣጥኑ ይከፈታል። ማንም ያልተኮሰው፣ ማንም ያልነካው ጥይት አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ይገኛል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ከአፉ ጀምሮ ወደ ትከሻው ቁልቁል ይወርዳል። የሚመጣው ወቅት ጠብቆ ስለሆነ እንግሊዞቹ የወቅት ስንጥቅ አሉት።

መልሱ የተገኘው በ1921 ነው። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ጥፋተኛው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አሳየ። አንደኛው ጋጣው ውስጥ አለ። የፈረስ ሽንት ሲበሰብስ አሞኒያ ይተናል። አሞኒያ በእርጥበትና በአየር እየታገዘ መዳብን ይበላል፤ የተበላው መዳብ ሰማያዊ ሆኖ ይሟሟል። ሁለተኛው ጥፋተኛ ከፋብሪካው ጀምሮ ናሱ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ነው። አንገቱ በፕሬስ ተጨምቆ ሲጠብ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። ቀለሁ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ አንገቱ ግን ቀን ከሌት ራሱን ለመክፈት እየጎተተ ነው። አሞኒያው በናሱ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ወሰን ተከትሎ ይሰርጋል፤ ውጥረቱ ደግሞ የተበላውን ቦታ ይለጥጣል። አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይጎዳም። ሲገናኙ ግን ናሱ ይከፈታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የተጠናቀቀውን ቀለህ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማሞቅ ጥንካሬውን ሳይቀንስ ውጥረቱን ያረግበዋል። የዚንኩን መጠን መቀነስም ይረዳል፤ ዚንኩ ከ15 በመቶ በታች የሆነ ናስ ይህን በሽታ በእጅጉ ይቋቋማል።

የወታደር ጥይት አይቶ የሚያውቅ ሰው አንገቱና ትከሻው ላይ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ያዘለ ጥላ ሳያስተውል አይቀርም። ያ ጥላ አንገቱ በእሳት መለስለሱን የሚመሰክር ምልክት ነው። ለሲቪል ገበያ የሚሠራው ጥይትም በዚያው እሳት ያልፋል፤ ፋብሪካው ግን ለመልኩ ሲል ጥላውን ወልውሎ ያጠፋዋል። የጦር ሠራዊት ተረካቢ መልክ አያስፈልገውም፤ እሳቱን ማየት ይፈልጋል።

ከዚህ በፊት ሌላም መርዝ ነበረ። የጥንቱ ካፕሱል የሚቀጣጠለው ሜርኩሪ ባለበት ውህድ ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመን ጥላሸቱ ሜርኩሪውን ስለሚይዘው ጉዳቱ አይታይም ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ጥላሸቱ ጠፋ፤ ሜርኩሪው ባዶውን ናስ አግኝቶ ሰረገበት። እንዲህ ያለ ቀለህ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ደግመው ሲሞሉት ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። የአሜሪካ ጦር በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሜርኩሪ ያለበትን ካፕሱል መተው የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓይን የተለካ እሳት

በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጦር ሠራዊቷ ዋና ጠመንጃ ስፕሪንግፊልድ 1903 ነበር። በዚያ ዓመት አንዳንድ ጠመንጃዎች በተኳሹ እጅ ላይ ፈነዱ። የጦር መሣሪያ መኮንኑ ጁልያን ሃቸር በ1947 ባሳተመው ማስታወሻው የምርመራውን ውጤት በዝርዝር አስፍሯል፤ ታሪኩ ለቀለህ ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው።

ምርመራው ሁለት ስህተት አገናኘ። አንዱ የጥይቱ ነው። በችኮላ ከተመረተው ውስጥ ግርጌያቸው በቅጡ ያልደረቀ ቀለሆች ተገኙ። ግርጌው ሲለሰልስ ግፊቱን መቋቋም አቅቶት ይቀደዳል፤ እየነደደ ያለው ጋዝ ወደ ኋላ ይፈነዳል። ሁለተኛው ስህተት የብረቱ ነው። ጥይቱን የሚይዘው የጠመንጃው አካል ሲቀጠቀጥ ከልክ በላይ ግሎ ስለነበር ብረቱ ተሰባሪ ሆኗል። ጋዙ ሲለቀቅበት ከመለጠጥ ይልቅ ተሰባበረ።

እንዴት ከልክ በላይ ጋለ? አንጥረኞቹ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የብረቱን ሙቀት የሚፈርዱት በፍሙ ቀለም ነው። የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ሲገባ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ታየ። ፀሐይ በወጣበት ብሩህ ቀን «ደርሷል» የሚሉት ብረት፣ ደመና በጣለበት ቀን «ደርሷል» ከሚሉት እስከ 300 ዲግሪ ፋራናይት ይበልጣል። በብርሃን መሃል ፍም ፈዞ ይታያል፤ ዓይን ተታልሎ ተጨማሪ እሳት ይጠይቃል። ባለሙያዎቹ አልሰነፉም፤ የተጠቀሙበት መለኪያ ግን ከአየሩ ጋር የሚለዋወጥ ነበር። የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከቁጥር 800,000 በኋላ የእሳት አሠራሩን ለወጠ። ከዚያ ቁጥር በታች ያሉት ጠመንጃዎች እስከ ዛሬ ድረስ ለተኩስ አይመከሩም።

ይህ ስህተት ከመቶ ዓመት በኋላም በየጋራዡ እየተደገመ ነው።

ጋራዥ ውስጥ

አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ ደግሞ መሙላት ያረጀ ልማድ ነው። በ1870ዎቹ የጎሽ አዳኞች ሜዳ ላይ እሳት አንድደው እርሳስ እያቀለጡ ቀለሃቸውን ይሞሉ ነበር፤ ቆይቶም በየምሽጉ ያሉ ወታደሮች ለልምምድ የሚሆናቸውን ጥይት እንዲህ ያዘጋጁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አረር ከገበያ ሲጠፋ፣ ካሊፎርኒያ ኦሮቪል ውስጥ ፍሬድ ሃንቲንግተን የተባለ ሰው ከተተኮሰ የ.22 ቀለህ የአረር ልብስ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። አርሲቢኤስ የተባለው ታዋቂ የመሣሪያ ፋብሪካ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ልማዱ አሜሪካ ላይ እንዲያብብ የረዳው ደግሞ ያው የአሮጌው ኮሎኔል ቦክሰር ነው። የእሱ ካፕሱል መቀመጫ መሃል ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አላት፤ ቀጭን ዘንግ ከአፉ በኩል ገብቶ አሮጌዋን ካፕሱል በቀላሉ ይገፋታል። አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን የነደፈው ሌላው ዓይነት ግን ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ስላሉት ዘንግ አያስገባም። የታሪክ ቀልድ ሆኖ አሜሪካ የእንግሊዙን ወሰደች፤ አውሮፓና ሶቪየት ኅብረት በአብዛኛው የአሜሪካዊውን።

ሥራው ራሱ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ቀለሁ ይጸዳል፤ ዳይ በተባለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል፤ ከረዘመ ይከረከማል፤ አዲስ ካፕሱል፣ የተመዘነ ባሩድና አረር ይገባለታል። አዲስ የማይሆነው ናሱ ብቻ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ይነፋል፤ ዳይ በገባ ቁጥር ይጨመቃል። ሽቦን ደጋግሞ ሲያጥፉት መጀመሪያ ደርቆ ኋላ እንደሚቆረጠው ሁሉ፣ ቀለህም በመነፋትና በመጨመቅ መካከል ይደርቃል።

መጀመሪያ የሚሸነፈው አንገቱ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው እሱ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ከአፉ ጀምሮ ቁልቁል ይሰነጠቃል። ይህ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አያስፈራም፤ የሚያመልጠው ጋዝ ትንሽ ነው፤ ቀለሁ ይጣላል። ግን መልእክት አለው። ከአንድ ጥቅል ውስጥ አንዱ አንገት ከተሰነጠቀ የተቀሩትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

አደገኛው ግርጌው ላይ ያለው ነው። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወፍራሙ ናስ ወደ ስሱ በሚሸጋገርበት ቦታ፣ ቀለሁን የሚዞር ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ቀለሁ ጓዳው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስበት ትርፍ ክፍተት ካለ፣ ግፊቱ ሲመጣ ስሱ ግድግዳ ጓዳው ላይ ተለጥፎ ይቆማል፤ ወፍራሙ ግርጌ ግን ወደ ኋላ ተገፍቶ መዝጊያውን ይመታል። በሁለቱ መካከል ያለው ናስ ይሳባል፤ ይሳሳል። ዳይ ትከሻውን ወደ ቦታው ሲመልሰው ክፍተቱ ይመለሳል። በሚቀጥለው ተኩስ ያው ቦታ እንደገና ይሳባል። ጥቂት ዙር ካለፈ ቀለሁ ለሁለት ይቆረጣል፤ ግርጌው ይወጣል፤ ቱቦው ጓዳው ውስጥ ይቀራል፤ የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይን ሊመለስ ይችላል።

የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ በዚህ የታወቀ ነው። መዝጊያው የሚቆለፈው ከኋላ በኩል ስለሆነ በግፊት ጊዜ አካሉ በሙሉ ይለጠጣል፤ ጓዳውም የጦር ሜዳ ጭቃ እንዳያግደው ሰፋ ተደርጎ ተቀዷል። ለወታደር ይህ ጥሩ ነበር፤ ወታደር ቀለሁን ጥሎት ይሄዳል። ደግሞ ለሚሞላው ግን የቀለሁን ዕድሜ ያሳጥራል። ግርጌያቸው ላይ መታጠቂያ የመሰለ ቀለበት ያላቸው ትልልቅ የአደን ጥይቶችም፣ በ1912 የወጣው .375 ኤች ኤንድ ኤች ዓይነቱ፣ ጓዳው ውስጥ የሚደገፉት በዚያ መታጠቂያ እንጂ በትከሻቸው ስላልሆነ በተመሳሳይ ሁኔታ ይሳባሉ።

ይህን በሽታ ለመመርመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ልምድ ያላቸው ሰዎች የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ይዘረጋሉ፤ ጫፉን ስለው ወደ ጎን ያጥፉታል፤ በቀለሁ አፍ አስገብተው ከግርጌው ጀምሮ የውስጡን ግድግዳ እያሻሹ ወደ ላይ ይስቡታል። ጤነኛ ቀለህ ላይ ጫፉ ሳይደናቀፍ ይንሸራተታል። የታመመው ላይ ከግርጌው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲርቅ ጫፉ ቦይ ውስጥ ይወድቃል፤ ጣት ያን መደናቀፍ በግልጽ ይሰማዋል። ከውጭ ብሩህ መስመር ከመታየቱ በፊት ውስጡ ቀድሞ ይቦረቦራል። መከላከያውም የሚጀምረው ዳዩን በማስተካከል ነው። መዝጊያው ከፊት የሚቆለፍ የአደን ጠመንጃ ላይ ትከሻው ወደ ኋላ የሚገፋው የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ክፍል ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ብዙ ሰው ግን ዳዩን እስከ ጥግ አውርዶ ቀለሁን ከሚገባው በላይ ያሳጥረዋል።

ሌላው ምልክት የካፕሱሏ መቀመጫ ነው። አዲሷ ካፕሱል ስትገባ ጠበቅ ካላለች ግርጌው ተለጥጧል ማለት ነው፤ ግርጌ ደግሞ ያለ ከፍተኛ ግፊት አይለጠጥም። እዚህ ላይ ናሱ የሚከሰው ባሩዱን ነው። በሙሌት መመሪያ መጽሐፍ ከተቀመጠው ልክ ያለፈ ሙሌት፣ ሳይከረከም ቀርቶ አፉ ጓዳው ጫፍ ላይ የተቆነጠጠ ረጅም ቀለህ፣ ሁለት ጊዜ የተሞላ ባሩድ፣ ሁሉም ግርጌው ላይ አሻራቸውን ይተዋሉ።

የሰው እጅ የሚያበላሸው

ቀለህ የሚታመመው በተኩስ ብቻ አይደለም፤ በጽዳትም ነው። በቤት ውስጥ የናስ ዕቃ የሚያብረቀርቁ ቅባቶች አንዳንዶቹ አሞኒያ አለባቸው። ቀለሁን ያሳምሩታል፤ የሕንዱን ጋጣ ግን ወደ ቤት ያመጡታል። የጠመንጃ ቱቦ ውስጥ የተጣበቀ መዳብ የሚያሟሙ ፈሳሾችም ብዙዎቹ አሞኒያ ስላላቸው ከቀለህ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ የቆየ ናስ ደግሞ ዚንኩ እየለቀቀ ሮዝ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የቀረው መዳብ ደካማ ነው። ልምድ ያላቸው ብዙ ሰዎች የሚመርጡት ደረቅ ጽዳት ነው፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርካሽ ያለበት በርሜል ውስጥ ቀለሁን ለሰዓታት ማንቀጥቀጥ።

እሳቱ ላይ ነው የ1917ቱ ስህተት የሚመለሰው። የደረቀ አንገት በሙቀት ሊለሰልስ ስለሚችል ብዙዎች ቀለሁን በጋዝ ነበልባል ፊት እያዞሩ ያሞቁታል። መቆሚያውን የሚወስኑት በናሱ ፍም ነው። መብራቱ በርቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሲሠሩ ፍሙ አይታይም፤ ጥቂት ሰከንድ ይጨምራሉ። በዚያች ጥቂት ሰከንድ ሙቀቱ በናሱ በኩል ወደ ግርጌው ይሮጣል። አንገቱ ከልክ በላይ ቢለሰልስ የሚጠፋው ቀለሁ ነው፤ ግርጌው ከለሰለሰ ግን አደጋው የተኳሹ ነው፤ በምንም ሥራ ተመልሶ አይደርቅም። ስለዚህ የድሮ ሰዎች ቀለሁን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ አቁመው አንገቱን ብቻ ለእሳት ይሰጡ ነበር። ዛሬ በተወሰነ ሙቀት ላይ የሚቀልጥ ቀለም አንገቱና አካሉ ላይ ይቀባል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ በኤሌክትሪክ ጥቅልል የሚያሞቅ፣ ሰከንዱን ራሱ የሚቆጥር ማሽን ይገዛል።

ጥንቁቆቹ መዝገብ ይይዛሉ። ቀለሁን እንደ ፋብሪካውና እንደ ጥቅሉ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ መቼ እንደተከረከመ፣ መቼ እንደለሰለሰ ይጽፋሉ። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ቀለህ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሽጉጥ ቀለህ በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዙር ያገለግላል፤ ሙሉ ግፊት የሚቀበል የጠመንጃ ቀለህ ግን አምስት ወይም አሥር ዙር ሳይሞላው ሊያረጅ ይችላል። ቁጥሩን የሚወስነው ጓዳው፣ ዳዩና ሙሌቱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለአደን ወይም ለዒላማ የሚተኩሱ፣ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖች ከባሩድ ሚዛን በፊት ቢማሩት የሚጠቅማቸው ቀለህ ማንበብን ነው። መጽሐፉ ያስቀመጠውን ልክ አለማለፍ፣ በሚሞሉበትም በሚተኩሱበትም ጊዜ መነጽር ማድረግ፣ በእያንዳንዱ ዙር የአንገቱን ዙሪያ በጥሩ ብርሃን ማየትና የውስጡን ግድግዳ በሽቦ መዳሰስ የሥራው መጀመሪያ ነው። ስንጥቅ፣ ቀለበት ወይም ልል የካፕሱል መቀመጫ የታየበት ቀለህ እንዲሁ አይጣልም፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይሞላው አፉ በፒንሳ ተጨፍልቆ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሰጣል።